ቲማቲም በጠርሙስ፣ ጠርሙስ በጎረቤት

ፍራፍሬና አትክልትን በቤት ማሸግ ማለት ምግቡን በብርጭቆ ጠርሙስ ከትቶ፣ አየር ተመልሶ እንዳይገባበት ክዳኑን ገጥሞ፣ ከነጠርሙሱ ቀቅሎ ለወራት ማቆየት ነው። ሙቀቱ ምግብ የሚያበላሹትን ጥቃቅን ነፍሳት ይገድላል፤ ክዳኑ አዳዲሶቹን በር ላይ ይመልሳል፤ ጠርሙሱ ሁሉንም ይሸከማል። ሐዋሳ ውስጥ በሚያሽጉ ቤቶች ሙቀቱም ክዳኑም ከነችግራቸው ይሳካሉ። የማይሳካው ጠርሙሱን ቤት ማዋል ነው፤ እሱ በቦታው ይነገራል።

ጥበቡ ከ200 ዓመት ብዙም አይበልጥም። ኒኮላ አፔር የተባለ ፈረንሳዊ ጣፋጭ ሠሪ ምግብን በሻምፓኝ ጠርሙስ እየጨመረ፣ በቡሽ እየወተፈ፣ በሽቦ እያሰረ ይቀቅል ነበር፤ በፈረንጆች 1810 መንግሥቱ 12,000 ፍራንክ ሰጠው። ምግቡ ለምን እንደማይበላሽ ግን ሸላሚውም ተሸላሚውም አያውቁም፤ ሉዊ ፓስተር የጥቃቅን ነፍሳትን ነገር እስኪያስረዳ ድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አለፈ። በዚያው በ1810 ፒተር ዱራንድ እንግሊዝ አገር ለቆርቆሮው ጣሳ የፈጠራ መብት አወጣ። የጣሳ መክፈቻ የተፈጠረው ከዚያ ከ40 ዓመት በላይ ዘግይቶ ስለሆነ በመሐሉ የነበረው ትውልድ ምሳውን በመሮና በመዶሻ ሲከፍት ኖረ። የሚጠመዘዝ ክዳን ያለውን የቤት ጠርሙስ ደግሞ አሜሪካዊው ጆን ሜሰን በ1858 በስሙ አስመዘገበ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ነገሩ በሰፊው የታወቀው በፋብሪካ በኩል ነው። የላይኛው አዋሹ መርቲ የቲማቲም ድልህና ማርማላታ እያሸገ ስሙን በየጓዳው አስገባ፤ ለሐዋሳ ቅርብ የሆነው የመልጌ ወንዶ ፋብሪካም በሥጋ ጣሳ ይታወቃል። ማርማላታም፣ ድልሁን ብዙ ሰው የሚጠራበት ሳልሳም ከጣልያንኛ የተወረሱ ቃላት ናቸው። ጣሳው ግን ውስጡ ያለው ካለቀ በኋላ ነው ዋናውን ሥራ የሚጀምረው፤ በየገበያው ጥራጥሬና በርበሬ ሲሰፈርበት ዕድሜውን ይጨርሳል። በዚህ አገር ባዶ ዕቃ ጡረታ አይወጣም፤ የኋላው ችግር ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

የማሸግ መጻሕፍት በብዛት የተጻፉት በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች ነው። እዚያ ምድሩ ለወራት ምንም ስለማያበቅል ሰው በበጋ ያሸገውን በብርድ ይበላል። ሐዋሳ ግን በስምጥ ሸለቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሐይቋን ተደግፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። አቮካዶው ከዳሌና ከወንዶ ገነት፣ ሙዝና ማንጎው ከአርባ ምንጭ፣ ቲማቲምና ሽንኩርቱ ከመቂና ከባቱ በኩል ይመጣላታል። በረዶ ያየ ሰው ካለ በፍሪጅ ውስጥ ነው። ታዲያ ምን አስቸኮለ?

የሐዋሳ በረዶ ዋጋ ነው። ቲማቲም በደረሰበት ሰሞን ሳጥን በሳጥን ላይ ይቆለላል፤ ሻጯ ሳትጠየቅ ምርቃት ትጨምራለች፤ ማምሻውን የቀረው ለከብት ይሄዳል። ዝናቡ ሲጠናና ማሳው በበሽታ ሲመታ ያው ቲማቲም ከኪሎ ወደ መደብ፣ ከመደብ ወደ ፍሬ ይወርዳል፤ አራት ፍሬ በክብር ተደርድሮ ለብቻው ዋጋ ይጠራለታል። ያን ጊዜ ምርቃት የሚጠይቅ ሰው እንደ ዘመድ ሳይሆን እንደ ሌባ ይታያል። ማሸግ ማለት እንግዲህ የርካሹን ቀን ቲማቲም ለውዱ ቀን ማበደር ነው።

አሠራሩም በቲማቲም ቢጀመር ይሻላል፤ ወጥ የማይሠራበት ቤት የለምና። ለአንድ ሊትር ጠርሙስ 1 ኪሎ ከሩብ ያህል ይበቃል። ፍሬው የበሰለ፣ ግን ያልላላና ያልተሰነጠቀ መሆን አለበት። ገበያው በዚህ አይስማማም። «ለወጥ ነው» ላለ ገዢ የላላው ይመረጥለታል፤ «ለማሸግ ነው» ላለ ደግሞ ሻጯ ለአፍታ ታስብና፣ ምን እንደሆነ ስላልገባት፣ ሁለቱንም ቀላቅላ ትመዝናለች። ቤት ሲደርስ ቲማቲሙ ለአንድ ደቂቃ ያህል በፈላ ውሃ ተነክሮ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ሲዛወር ልጣጩን ራሱ ይለቃል። ከዚያ ተከትፎ ይፈላል፤ ትኩስ እንዳለ በሞቀ ጠርሙስ ይገለበጣል። ትኩስ ነገር በቀዝቃዛ ብርጭቆ መገልበጥ ብርጭቆውንም ቲማቲሙንም ማጣት ነው።

ከጠርሙሱ አፍ በታች አንድ ጣት ወርድ ያህል ባዶ ይተዋል። ይህች ባዶ ቦታ የብዙ ቤት ፈተና ናት። ዕቃን እስከ አፍ ገደፉ ሞልቶ መስጠት የቸርነት ምልክት በሆነበት አገር ጎደል ያለ ጠርሙስ ንፉግ ያስመስላል፤ ስለዚህ «ይቺን ብቻ» እየተባለ ማንኪያ በማንኪያ ይጨመርበታል። እስከ አፉ የሞላ ጠርሙስ ግን ሲፈላ ይገነፍልና በክዳኑና በአፉ መሐል የቲማቲም ፍሬ ትቀረቀራለች። አየሩ የሚገባው በእሷ በኩል ነው።

ጠርሙሱ ተከድኖ የሚቀቀልበት ድስት ከውስጥ ሥሩ ላይ ጨርቅ ይነጠፋል፤ ጠርሙስ ባዶ ብረት ላይ ተቀምጦ ሲፈላ ይሰነጠቃል። ውሃው ደግሞ ከክዳኖቹ በላይ ሁለት ጣት ያህል መውጣት አለበት። ይህን ያህል ጥልቀት ያለው ድስት በተራ ቤት አይገኝም፤ የሚገኘው ዕድር ዘንድ ነው። ዕድሩ ግን ድስት የሚያወጣው ለለቅሶና ለድግስ ነው። ሰብሳቢው ፊት ቀርቦ «ለቲማቲም» ማለት ድፍረት ይጠይቃል፤ ስለዚህ አብዛኛው ሰው አጫጭር ጠርሙሶችን መርጦ በራሱ ድስት ይወሰናል።

አሁን ወደ ሰዓቱ። የታወቁት የውጭ መመሪያዎች ለግማሽ ሊትር የተጨፈለቀ ቲማቲም 35 ደቂቃ መፍላት ያዛሉ። ይህ የባሕር ዳርቻ ሰው ቁጥር ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ወለል ላይ ሲሆን፣ ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። ሐዋሳ ላይ 94 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መፍላት ይጀምራል፤ አዲስ አበባ ላይ 92 ገደማ። የሐዋሳ ውሃ ሳይናደድ እንደሚጮህ ሰው ነው፦ ይንተከተካል፣ ክዳን ያንኳኳል፣ ወጥ ቤቱን በእንፋሎት ይሞላል፤ ውስጡ ግን የተባለውን ያህል አልጋለም። እሳት መጨመርም አይረዳም፤ የፈላ ውሃ እሳት ቢጨመርበት ቶሎ ይተናል እንጂ አይብስበትም። መድኃኒቱ ጊዜ ብቻ ነው። 35 ደቂቃ የተባለው ሐዋሳ ላይ 45፣ አዲስ አበባ ላይ 50 ይሆናል፤ የአንድ ሊትሩ ጠርሙስ ደግሞ 55 እና 60። አዲስ አበባ ያለች እኅት በስልክ የምትሰጠው ምክር የ5 ደቂቃ ትርፍ አለው ማለት ነው፤ ጉዳት የለውም፣ እሷም ከዚያ ያነሰ ምክር ሰጥታ አታውቅም።

እነዚህ ደቂቃዎች የሚቆጠሩት ሳይቋረጡ ነው። መፍላቱ በመሐል ካቆመ ውሃው እንደገና እስኪፈላ ተጠብቆ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ደንቡን የጻፉት ሰዎች «መብራት ሄደ» የሚል ቃል በሌለበት ሰፈር ሳይኖሩ አይቀሩም። በ40ኛው ደቂቃ መብራት ሲሄድ ያለፈው ሁሉ ሊፈታ ሲል እንደተሻረ ጾም ነው። አምስቷን ደቂቃ «በቀረው ሙቀት ትሞላለች» ብሎ ማለፍ ይቀናል፤ አትሞላም። የለመደ ቤት ምድጃው ላይ ጠርሙስ ከመጣዱ በፊት ከሰል አቀጣጥሎ ከጎን ያስቀምጣል። ከሰል በተቀጣጠለበት ቀን ደግሞ መብራቱ አይሄድም።

ከሙቀት ቀጥሎ ያለው ጉዳይ ኮምጣጣነት ነው፤ ቀልድ የሚቀንስበት ክፍልም ይኸው ነው። ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ስሙ ከላቲኑ «ቋሊማ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው፣ የሚያመጣው በሽታ መጀመሪያ የታወቀው በተበላሸ ቋሊማ ስለነበር። ይህ ባክቴሪያ ስፖር የሚባል ጠንካራ ዘር አለው። ዘሩ የፈላ ውሃን ይችላል፤ የሐዋሳውንማ እንደ ሻወር ይቆጥረዋል። አየር በሌለበት፣ ኮምጣጣ ባልሆነ፣ ለብ ባለ ቦታ ሲያገኝ ይበቅልና ነርቭን የሚያሽመደምድ መርዝ ይሠራል። በደንብ የታሸገ የካሮት ጠርሙስ በትክክል እንዲህ ያለ ቦታ ነው። የሚያግደው አሲድ ነው፤ የፒኤች መለኪያው 4.6 እና ከዚያ በታች በሆነ ምግብ ውስጥ ሊያድግ አይችልም።

ቲማቲም በዚህ ድንበር ላይ የሚኖር ፍሬ ነው፤ አንዳንዱ ከመስመሩ ወዲህ፣ አንዳንዱ ወዲያ። ስለዚህ ለአንድ ሊትር 2 የሾርባ ማንኪያ የታሸገ የሎሚ ጭማቂ ወይም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ ይጨመርበታል። የታሸገ የተባለው የኮምጣጣነቱ መጠን ስለሚታወቅ ነው፤ የዛፍ ሎሚ አንዱ ከሌላው ይለያያል። «ሎሚው ጓሮዬ እያለ የፋብሪካ ሎሚ ልግዛ?» የሚል ቅሬታ ይነሣል። ቅሬታው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን አዎ ነው።

ፎሶሊያ፣ ካሮት፣ ድንች፣ ዱባ፣ በቆሎ፣ ጎመንና ቀይ ሥር ከመስመሩ ወዲያ ናቸው። እነዚህን በፈላ ውሃ ብቻ ማሸግ አይቻልም፤ እስከ 121 ዲግሪ የሚያደርስ የግፊት ማሸጊያ ድስት ይፈልጋሉ። ምስርና ሥጋ የሚበስልበት የቤት ፕሬዠር ያው ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። አይደለም፤ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይበርዳል፣ ለማሸግም የተለካ ሰዓት የለውም። እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ወጥ ቤት ዋና የምርመራ መሣሪያ፣ ማለትም ማንኪያ ጠቀስ አድርጎ ቀመስ ማድረግ፣ አይሠራም። መርዙ ሽታም ጣዕምም ላይኖረው ይችላል፤ ለቅምሻ የምትበቃው ደግሞ ለጉዳትም ትበቃለች። ክዳኑ ያበጠ፣ ሲከፈት የሚፈነጥቅ ወይም የሚያፈተልክ ጠርሙስ ሳይቀመስ ይጣላል። «እህል አይጣልም» የሚሉ እማማ ካሉ ጠርሙሱ እሳቸው ሳያዩ ይጣላል።

በዚህ ሚዛን ፍራፍሬ ይቀላል። በየጓሮው በአንድ ሳምንት ተንዠርግጎ በሚቀጥለው ሳምንት መሬት የሚለቀለቅበት ዘይቱን፣ በሌላ ስሙ ጓቫ፣ ለማርማላታ የተፈጠረ ይመስላል፤ ኮምጠጥ ያለና የሚያረጋውን ፔክቲን በብዛት የያዘ ነው። የሚያስቸግረው ሌላው ግማሽ፣ ስኳሩ ነው። ዘይቱኑ የሚበስልበትና ስኳር በቅናሽ የሚገኝበት ሳምንት የሚገጣጠሙት አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ማርማላታ ደረሰ የሚባለው ከውሃ መፍሊያ 4 ዲግሪ ከፍ ሲል ነው። መጽሐፉ 104 ዲግሪ ቢልም ሐዋሳ ላይ 98 ገደማ ይበቃል፤ 104 እስኪደርስ የጠበቀ ሰው ማርማላታ ሳይሆን ከረሜላ ያወጣል፣ ማንኪያውም አብሮ ይታሸጋል። ሙቀት መለኪያ ለሌለው ቤት ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ጠብ አድርጎ በጣት መግፋት ይበቃል፤ ከተጨማደደ ደርሷል። ከዚያ በጠርሙሱ ሆኖ 10 ደቂቃ ይፈላል። ፓፓያና ሙዝ ግን ጣፋጭ መስለው እንጂ ኮምጣጣ አይደሉም፤ ያለ ሎሚ ለብቻቸው አይታሸጉም።

አቮካዶ አይታሸግም። ሲዳማ ውስጥ ከሁሉ የሚተርፈው እሱ ሆኖ ሳለ ይህ መሆኑ ያስቆጫል። ሲሞቅ ይመርራል፤ አየር ሲነካው ይጠቁራል፤ የሚበስለውም ተማክሮ በአንድ ቀን ነው። ይርጋለም ያለው የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ የአቮካዶ ዘይት ጨምቆ ወደ ውጭ እስከመላክ ደርሷል። ለተራው ነዋሪ ያለው መፍትሔ ጁስ ቤት ነው፤ አቮካዶው ከማንጎና ከፓፓያ ጋር ስፕሪስ ሆኖ በብርጭቆ ይደረደራል፣ በማንኪያ ይበላል። የመቆያ ጊዜው ሩብ ሰዓት ነው።

ዳጣም መጠቀስ አለበት። ቃሪያው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና በሶብላው ተወቅጦ የሚሠራው ይህ ማባያ ከቆጮም ከዓሣም ጋር ይሄዳል። እንዲቆይ ተብሎ ዘይት ሲደፋበት ከአየር ይጋረዳል፤ አየር ማጣትን የሚወደው ማን እንደሆነ ደግሞ ከላይ ተነግሯል። ስለዚህ ዘይት የለበሰ ዳጣ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም፤ ፍሪጅ ይገባል፣ በጥቂት ቀናትም ይበላል። ይህ ብዙ ጊዜ አያስቸግርም፣ ዓሣ የተጠበሰ ቀን ጠርሙሱ ያድራል ብሎ የሚያስብ የለም።

ሐዋሳ ዙሪያ ያለው የቆየ ጥበብ ግን ጠርሙስ አይፈልግም። የሲዳማ እናቶች የተፋቀውን እንሰት በእንሰት ቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ይከቱታል፣ በቅጠል ይሸፍኑታል፣ ድንጋይ ይጭኑበታል። አየሩ ይወጣል፤ ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ያኮመጥጡታል፤ ዋሳው፣ በሌላ ስሙ ቆጮው፣ ለወራት፣ ሲያስፈልግም ለዓመታት ይቆያል። ጉድጓዱ ጠርሙስ፣ ቅጠሉ ክዳን፣ ድንጋዩ ጥምዝ መሆኑ ነው፤ ኮምጣጣነቱንም ራሱ ያመጣል፣ የፋብሪካ ሎሚ አይገዛም፣ መብራት አይጠብቅም። ዩኔስኮ በፈረንጆች 2015 በመዘገበው በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፊቼ ጨምበላላ፣ ዋሳው በቅቤ ርሶ ቡርሳሜ ሆኖ ይቀርባል። ይህ ዘዴ ከጠርሙሱ የሚበልጥበት አንድ ተጨማሪ ነጥብ አለው፤ ጉድጓድ ተውሶ የሚሄድ ጎረቤት የለም።

ጠርሙስ ግን ይሄዳል። ለማሸግ ተብሎ የተሠራ ጠርሙስ ከአዲስ ክዳኑ ጋር በየሱቁ ስለማይገኝ የሐዋሳ ቤት የሚያሽገው ባጠራቀመው ነው፦ በለውዝ ቅቤ፣ በማር፣ በማዮኔዝ ጠርሙስ። የኔስካፌው ለዚህ አይሆንም፣ ክዳኑ አየር አይከለክልም። የሃይላንድ ፕላስቲክማ ለጠበልና ለዘይት እንጂ ለእሳት አልተፈጠረም። ዋናው ክዳኑ ነው። ከውስጡ ያለው ለስላሳ ቀለበት አንዴ ሞቆ የአንዱን ጠርሙስ አፍ ከያዘ በኋላ ለሁለተኛው የሚያስተማምን አይደለም፤ ስለዚህ ደንቡ አዲስ ክዳን ይላል፣ ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ «ምን ላምጣ?» ብሎ ሲጠይቅ «ክዳን» የሚል መልስ የሚሰማውም ለዚህ ነው። ክዳኑ ለመያዙ ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ጠርሙሱ ካደረ በኋላ የክዳኑን መሐል በጣት ሲጫኑት ጸጥ ካለ ታሽጓል፣ «ቀጭ» ካለ ፍሪጅ ገብቶ በዚያው ሳምንት ይበላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በየትኛውም መመሪያ አልተጻፈም። አንዱ ጠርሙስ አራስ ለመጠየቅ ይሄዳል። ሌላው «እትዬ፣ ቲማቲም አለቀብኝ፣ ነገ እመልሳለሁ» ብላ ለመጣች ጎረቤት ይሰጣል። ዕቃ ባዶውን አይመለስምና ጎረቤቷ የምትሞላበትን እስክታገኝ ጠርሙሱ እሷ ቤት ይቆያል፤ ሁለት ወር ቆይቶ ሽሮ ሞልቶ ይመጣል። ሽሮው የመጣው በራሱ ጠርሙስ ነው፣ ክዳኑ ግን የሌላ ነው። በርበሬ ይዞ የተመለሰው ደግሞ ክዳኑ ስንት ጊዜ ቢታጠብ ሽታውን አይለቅም፤ በሚቀጥለው ዓመት የዘይቱን ማርማላታ ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ይላል። የተረፈውን ቆራሌ ይወስደዋል። መስከረም ድረስ ይበቃሉ የተባሉት ስድስት ጠርሙሶች ሐምሌ 19፣ የገብርኤል ንግሥ እንግዳ ከየአገሩ ሲመጣ፣ ዝናቡም የቲማቲሙም ዋጋ በበረቱበት ሰሞን፣ አንድ በአንድ ይከፈታሉ። በዓመት የሚገመተው የእሽግ ዕድሜ ሐዋሳ ላይ በእንግዳ ይለካል።

ጠርሙስ ለመቁጠር የሚመቸው ጊዜ ጥቅምትና ኅዳር ነው፤ ቲማቲሙ ገና ሳይረክስ። ከአንባቢዎች መሐል የጎረቤት ጠርሙስ በመደርደሪያው ላይ ያለ ካለ፣ ለዚህ አንድ ጊዜ ባዶውን ቢመልስ አይነወርበትም። ክዳኑን ግን አይርሳ።